የአያ ሐሰን ሺህ ወፎች

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ብሩክ ከእጮኛው ጋር መጥቶ «የሠርጌን ነገር ቁጭ ብለን እንነጋገር» ብሎ አስፋልቱ ዳር ወደተከፈተው አዲስ ሆቴል ወሰደኝ። «አክስቴ፣ ጋርደን አለው፤ ይመችሻል» ነው ያለኝ። ጋርደን ያለው የፕላስቲክ ሣር ነው። ሣሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከወንበሩ አጠገብ የፕላስቲክ ዛፍ፣ ዛፉ ላይ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ወፍ ያስጮሃሉ። ወፍ እንዳገሯ ትጮሃለች ይባላል፤ ይቺ የየት አገር እንደሆነች እንጃ፣ ብቻ የቆቦን ፀሐይ ቀምሳ የማታውቅ ቅምጥል መሆኗ ከድምጿ ያስታውቃል። ጥቂት ትዘምርና ዝም ትላለች፤ ከዚያ ያንኑ ከመጀመሪያው ትደግመዋለች። አንዲት ትንፋሽ እንኳ አትለውጥም። አስተናጋጁን ጠርቼ «ይቺ ምን የምትባል ወፍ ናት?» ብለው «ሪላክስ የምታደርግ ናት፣ ማዘር» አለኝ። እግዜር ይይልህ! ከሆቴሉ አጥር ጀርባ አንድ የጠወለገ ግራር ቆሟል፤ እሱ ላይ የእውነት ድንቢጦች ይንጫጫሉ። ከዚያ ሁሉ እንግዳ ቀና ብሎ ያያቸው አንድም ሰው የለም። ሁሉም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል።

እሱን እንኳ በሆዴ ይዤ ዝም ባልኩ ነበር። ብሩክ ግን ከቦርሳው አንድ ክምር የጥሪ ካርድ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። «አክስቴ፣ የእንግዶቹን ስም አንቺ ጻፊልን። የእጅ ጽሑፍሽ እኮ ያምራል፤ አገር ያወቀው ነው» አለኝ።  «አንሳልኝ ይሄን!» ብዬ ጮህኩበት። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ሁሉ ከስልኩ ቀና ያለው፤ ለወፍ ያልተነሳ አንገት ለጠብ ሲሆን ይነሳል። ልጁ ደነገጠ፤ እጮኛው ደግሞ «ምን በደልናት?» በሚል ዐይን አየችው። ነገሩን እዚያ የፕላስቲክ ዛፍ ሥር ማውራት ስላስጠላኝ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። ለምን እንደጮህኩ ይኸው እዚህ እነግረዋለሁ፤ ካነበበው።

በእኛ ጊዜ ቆቦ ላይ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ያውም ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ስኳሩ ከሥሩ ተከምሮ። መናኸሪያው ጥግ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ያሉት ካሴቶች ሦስት ብቻ ስለነበሩ ሰኞ የሰማነውን ዘፈን እስከ እሑድ እንሰማዋለን። ደርግ ነው እንግዲህ፤ ዓመቱን በቁጥር ተወው፣ ብቻ ማሽላው ጥሩ የያዘበት ዓመት ነበር። ወንዱ ከላይ ቦላሌ ሱሪ ይለብስና ከሥር ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፤ አቧራ ጠግቦ ይመለስና ደግሞ ጸጉሩን ያበጥራል። እኔ አንዲት ሰማያዊ የተተሮን ጨርቅ ቀሚስ ነበረችኝ፤ እሷን ስለብስ የከተማው ንግሥት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። በገበያ ቀን ከጎብዬና ከሮቢት ሰው ይጎርፋል፤ በስሙኒ የነጠላ ጫፍ ሙሉ ሎሚ ይቋጠርልሃል። የዛሬው ሎሚ አንዱ በስንት እንደሚሸጥ አልናገርም፤ ቢጨምቁት ደግሞ ጠብ አይልም። እኔ ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ የሃያ አራት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። ቆቦን ንቄ ነው የመጣሁት። ሙቀቱን ንቄ፣ አቧራውን ንቄ፣ የሰዉን አነጋገር ንቄ። በኋላ ከደሴ ተመልሼ የዚሁ አገር ሰው አግብቼ እዚሁ ማርጀቴን ያኔ ማን ነግሮኝ! ሌት ተቀን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ደሴ መዛወር።

ያለኝ ኩራት የእጅ ጽሑፌ ነበር። አባቴ የገዛልኝ አንዲት የቀለም ብዕር ነበረችኝ፤ የትምህርት ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ወድቃ ጫፏ ትንሽ ስለተጣመመ ስጽፍባት ወረቀቱን ጭር ጭር ታደርገዋለች። ጽሑፏ ግን አይጣል ነው። ማመልከቻ ያለው እኔ ጋ፣ ቃለ ጉባኤ የሚያስገለብጥ ቀበሌ እኔ ጋ። «አቤት ሲያምር!» ይላል ሰዉ፤ ማንበብ የማይችለውም ጭምር። እኔም በዚያ ተነፋሁ።

የተከራየሁት ክፍል ከአያ ሐሰን ጓሮ ጋር አጥር ይጋራ ነበር። አያ ሐሰን ገና በጎልማሳነታቸው ዐይናቸውን ታመው የታወሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጃቸው ጎረቤት ሆና ምግባቸውን ታቀብላለች። ጓሯቸው ከተማው አልቆ ተራራው በሚጀምርበት፣ ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ በሚያልፍበት ላይ ነው። ሎሚ አለ፣ ዘይቱን አለ፣ ሩማን አለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ያረጀ ሾላ፣ ዙሪያውን ደግሞ የእሾህ ቁጥቋጦ። ዛሬ ቦታው የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ያኔ ግን ቆቦ እንደ ምድጃ ስትግል እዚያ ግቢ የገባ ሰው ትንፋሹ ይመለስለት ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ጥላው አልነበረም፤ አያ ሐሰን ጓሯቸው ውስጥ ዱላ አይዙም። እንደ ዐይናማ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንድ ቀን በአጥሩ አሻግሬ «አያ፣ እንዴት ነው ግንድ የማይመታዎት?» አልኳቸው።

«ይነግሩኛላ» አሉኝ።

«እነማን?»

«እነዚህ ትንንሾቹ። ግቢና ስሚያቸው።»

መጀመሪያ ሽማግሌው ነካ ያረጋቸው መስሎኝ ነበር። ለካ እያንዳንዷ ትንሽ ወፍ የራሷ ቦታ አላት፤ ከቦታዋ ፈቅ አትልም። ሎሚው ላይ የምትውለው ሎሚው ላይ ነው፤ ሩማኑ ሲያብብ የምትመጣው ቀጭኗ፣ ምንቃሯ እንደ ወስፌ የጎበጠው፣ ሩማኑ ላይ ናት። የሩማኗ በግራ ስትጮህ ቦዩ ከፊታቸው ነው ማለት ነው። እሾሁ ውስጥ ደግሞ አንዲት ጭራዋን የምታቆም ግራጫ ነገር አለች፤ ሁለት ጠጠር እንደሚያጋጩ «ትቅ ትቅ ትቅ» ትላለች። እሷን «አማቴ» ነው የሚሏት። «ሰው በገባ ቁጥር ታማርራለች። ሚስቴን ስጠይቅ ሄጄ እናቷ የተቀበለችኝም እንዲህ ነው» ብለው ይስቃሉ። ከሰው አውራ ጣት የማትበልጥ ፍጥረት፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ያን ያህል ድምፅ!

ማየቱንም ያስተማሩኝ እኚሁ የታወሩት ሰው ናቸው። እኔ ገብቼ አንገቴን ሰቅዬ ስፈልግ ቅጠል ብቻ ነው የማየው። «ዐይንሽን ተይው፤ ጆሮሽን አስቀድሚ» አሉኝ። «መጀመሪያ ስሚያት። ከዚያ ቅጠሉ እስኪነቃነቅ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ከዚያ ነው ማየት። ወፍን በዐይን ያሳደዳት ሰው ጭራዋን እንኳ አያገኝ።» እንዳሉኝ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ሾላው ላይ በቀጭን ድምፅ እየተጠራሩ የሚሄዱትን አየኋቸው፤ ቢጫ ናቸው፣ ጀርባቸው ቅጠልያ ይመስላል፣ በዐይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት አለ። «አያ! መነጥር አድርገዋል እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

አያ ሐሰን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አጃኢብ! ሃያ ዓመት ሙሉ ጓሮዬ ሲኖሩ መነጥር ማድረጋቸውን ማንም አልነገረኝ! ዐይን ሳለኝ ግመልና በሬ እንጂ ወፍ መቼ አይቼ አውቃለሁ። ካላዩበት ዐይን ግንባር ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲያ ስማቸው «ባለ መነጥሮቹ» ሆነ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በአጥሩ በኩል «ዘነቡ፣ ባለ መነጥሮችሽ መጥተዋል» ይሉኛል። እኔም ቆቦን መናቄን ለአሥር ደቂቃ እረሳለሁ።

የእርሳቸው ጆሮ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ጌጥ ነበር። ሜዳው ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ ገበሬው ማማ ይሠራል፤ ጎረምሳው እዚያ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጅራፍ ግሪሳ ይጠብቃል። ግሪሳ መዓት ነው፤ ተግቶ ካልጠበቁት አንድ ማሳ ለቁርስ አይበቃውም። እና በዚያ ወራት አያ ሐሰንን በበቅሎ ይወስዱና ከመሃለኛው ማማ ሥር ያስቀምጧቸዋል። ዐይናማው ገና ሰማይ ሲያማትር እርሳቸው ቀድመው «መጣ! በዞብል ተራራ በኩል!» ይላሉ። «ግሪሳ አይዘፍንም። ክንፉ ነው የሚሰማ፤ ዝናብ ከሩቅ ቆርቆሮ ሲመታ ነው» ይሉኝ ነበር። ስንቱ ገበሬ እህሉን ያስገባው በእሳቸው ጆሮ ነው። ይሄን ልብ በልልኝ፤ አገሩ ሁሉ ግሪሳን ከሌላ ወፍ ማን እንደሚለይ ያውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ግሪሳው በረታና ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ ግሪሳ የሚያድርበት ዛፍና ቁጥቋጦ ሁሉ ተለይቶ ይመንጠር። ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጓድ መኩሪያ የሚባል፣ ከሩቅ ከተማ የተላከልን ጉድ ነበር። ካኪው በካውያ ከመጠበሱ የተነሳ ሱሪው ሽንኩርት ይቆርጣል፤ ጫማው ሲራመድ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከዶሮ በቀር ወፍ በቅርብ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እሷንም በሳህን። የግሪሳው ማደሪያ ከሜዳው ማዶ፣ በእግር የቀን መንገድ እሾህ ውስጥ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እዚያ ድረስ ግን ማን ይሂድ? ፀሐይ አለ፣ ሻይ የለም። ስብሰባ ይሻላል። የኪነት ቡድኑ በግሪሳ ላይ መዝሙር አውጥቶ ከበሮ ደለቀ፤ «ፀረ ሕዝቡ ግሪሳ ይውደም!» እያልን ግራ እጃችንን አነሳን። እኔም አነሳሁ። ስለ ወፍ! ኤዲያ! ጽሑፌ ያምራል ተብሎም የግብረ ኃይሉ ጸሐፊ ሆንኩ።

ጓዱ ቅርብ ቅርቡን ሲዞር አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አያ ሐሰን ጓሮ ገባን። በዚያ ሰዓት ወፉ ሁሉ ወደ ማደሪያው ሲሰበሰብ ግቢው ይቀልጣል። ያቺ «አማቴ» የሚሏት ወፍ ገና ከበሩ ጀምራ ትሰድበናለች። አያ ሐሰን እንግዳ መጣ ብለው ተደስተው ሾላው ሥር አጎዛ አስነጠፉ። ጓዱ በቀኛቸው ቆመ፤ እኔ ከኋላቸው ደብተሬን ይዤ ቆምኩ።

«አባባ፣ እዚህ ስንት ወፍ ይኖራል?» አላቸው።

እዚህ አገር ለመንግሥት ሰው ቁጥር በእውነት አይነገርም። ላም አሥር ያለው አራት ይላል፤ ፍየል ሃያ ያለው «ምን ፍየል አለ ብለህ ጌታው፣ አንዲት ከጅብ የተረፈች አለች» ይላል። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ወግ ነው። አያ ሐሰንም ከብታቸውን ቢጠየቁ ግማሹን በደበቁ ነበር። ወፍ ግን አይገበርም። ወፍን ማን ይወስድብኛል ብለው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ፊት ባለጸጋ ሊሆኑ አማራቸው።

«ሺህ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ወላሂ ከሺህ ያላነሰ! እንኳን ነዋሪው፣ መንገደኛውም እኔ ጋ ነው የሚያድር። በረካ ነው!»

እኔም ጻፍኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕርም አይታሽም።

ከግቢው ስንወጣ ጓዱን «ይሄ እኮ ግሪሳ አይደለም፤ የጓሮ ድንቢጥ ነው። አብዛኛው ትልና የአበባ ወለላ ነው የሚበላ፤ እህል አይነካም» አልኩት። ቆም ብሎ አየኝ። «ወፍ ወፍ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ሺህ ብሏል። የወፍ ምስክሯ ድንቢጥ አትሁኚ» አለኝ። ትንሽ ሄድ ብሎ ደግሞ «የዝውውርሽን ጉዳይ አልረሳሁትም» አለ። ያቺ ቃል በቃችኝ። ቤቴ ገብቼ ቃለ ጉባኤውን በጥሩ ገለበጥኩ። «ግሪሳ አይደለም» የምትል ሁለት ቃል መጨመር ምንም አልነበረም፤ መስመሩም ቦታ ነበረው። እኔ የጻፍኩት ግን «ከአንድ ሺህ በላይ ወፍ የሚያድርበት መሆኑን ባለቤቱ በራሳቸው አንደበት አምነዋል» የሚል ነው። ጓዱ ሲያየው «አቤት ጽሑፍ! ያምራል!» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት። አንዱ ቅጂ ለአያ ሐሰን በራቸው ላይ ተለጠፈላቸው፤ ለዕውር!

ሐሙስ ጠዋት ገበሬ ማኅበሩ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። እነማን ናቸው እንዳትለኝ፤ ሾላው ሥር ሲጋደሙ የኖሩት፣ በአያ ሐሰን ጆሮ እህል ሲያስገቡ የኖሩት ናቸው። አያ ሐሰን በሩ ላይ ቆመው «ጎበዝ፣ ግሪሳ አይደሉም፤ ጆሮዬን ታውቁት የለ?» ቢሉ «ምን እናርግ አያ፣ ትእዛዝ ነው» አሏቸው። ትእዛዙ መቁረጥ ነበር፤ ግንዱን ተሸክሞ ቤት መግባት ግን ማንም አላዘዛቸው። እንዲያውም ሁለቱ በሾላው ቅርንጫፍ ተደባደቡ። አይ ሰው! እኔስ? እኔማ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የመጥረቢያው ድምፅ እንዳይሰማኝ ተማሪዎቼን ጮክ ብለው እንዲያነቡ አዘዝኳቸው። ስድሳ ሕፃን እስኪሰነጠቅ ጮኸልኝ።

ግሪሳው እንደሆነ በልማዱ በዞብል በኩል መጣ። ገበሬዎቹ ዐይናቸውን በጨው አጥበው በቅሎ ይዘው «አያ፣ ማማው ሥር ይምጡልን» ሊሏቸው ሄዱ። «ጆሮዬ ደክሟል» ብለው መለሷቸው። ግሪሳው የበላውን በልቶ ሄደ፤ ሪፖርቱ ግን ዘመቻው በድል ተጠናቀቀ ይላል። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጓዱም ከፍ ወዳለ ቦታ ተሾመ። የኔም የዝውውር ደብዳቤ መጣ።

ያን ሁሉ ቀን በአጥሩ በኩል ቀና ብዬ አላየሁም። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ግን ሳልሰናበት መሄድ አፈርኩና ገባሁ። ማንም «ትቅ» አላለኝም። አያ ሐሰን ዱላ ይዘው ነበር። እዚያ ጓሮ ውስጥ ዱላ ይዘው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ በዱላውም እየዳበሱ ጉቶ መታቸው። «ማነው?» አሉ። ድሮ ቢሆን ገና ከበሩ ያውቁኝ ነበር።

«እኔ ነኝ አያ፣ ዘነቡ ነኝ።»

«ዘነቡ። ሰው ዐይኑ አንድ ጊዜ ነው የሚጠፋ፤ የኔ ይኸው ሁለቴ ጠፋ» አሉኝ። ከኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ነው። «ልጄ ማንበብ አታውቅ። አንብቢልኝ እስቲ።»

የገዛ ጽሑፌን እየተንተባተብኩ አነበብኩ። «ባለቤቱ በራሳቸው አንደበት አምነዋል» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ሰምተው ሲያበቁ «ማነው የጻፈው?» አሉኝ።

«ጓድ መኩሪያ» አልኩ።

ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ከዚያ «ጓዱ ያን ዕለት በቀኜ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጫማው ይጮሃል፤ እጁ ግን አልተንቀሳቀሰ። እኔ ሺህ ስል ከኋላዬ አንዲት የማላውቃት ወፍ ሰማሁ። ጭር ጭር ትላለች። አዲስ መጣችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሌላ ቀን እጠይቅሻለሁ፣ መልኳን ታዪልኛለሽ ብዬ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢቆጡ፣ ቢራገሙ ይሻለኝ ነበር። እርሳቸው ግን ጉቶውን በዱላቸው ነካ ነካ አርገው «ቁጭ በይ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ብዕሯ አለች?»

«አለች፣ አያ።»

«እንግዲያ ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ?»

«ያሻሽን። ጓሮው ዝም ብሏል፤ ሌላ የምሰማው የለኝ።»

ወረቀቱን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ መስመር ማስመር ጀመርኩ። ፊደል አልነበረም፣ ምንም አልነበረም፤ ብቻ ጭር ጭር አደረግሁት። አያ ሐሰን ባለ መነጥሮቹን ሲሰሙ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ያደምጡ ነበር። ወረቀቱ አልቆ ብዕሬን ሳቆም ጥቂት ጠበቁና «ያምራል» አሉ።